ፕሮሶፒስ የወረረውን ማሳ ከነሥሩ ማጽዳት፦ ለወሎ ቆላ ዝርዝር መመሪያ

ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ወራሪ ዛፍ በመጥረቢያ አይሞትም። ከመሬት በላይ የተቆረጠ አንድ ግንድ ዝናብ ሲያገኝ አምስትና ስድስት ሆኖ ያቆጠቁጣል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ዛፍ ሳይሆን እንደ እሾህ ክምር ስለሚያድግ ለመጠጋት እንኳ ያስቸግራል። ተመንጥሮ ተመልሶ ጫካ የሆነ ማሳ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው፤ ዛፉ ተቆርጧል፣ የሥሩ አንገት ግን መሬት ውስጥ ቀርቷል።

ዛፉ የአሜሪካ ቆላ አገሮች ተወላጅ ነው። በደርግ ዘመን በመካከለኛው አዋሽ ለንፋስ መከላከያ፣ ለጥላና ለማገዶ ተብሎ በብዛት ተተከለ፤ ዛሬ በአፋር ክልል ብቻ ከ1 ሚሊዮን ሔክታር በላይ ሸፍኗል። ወደ ወሎ ቆላ ሲወጣ ውሃ አልተሸከመውም። ሚሌም፣ ጎሊናም፣ ሆርማትም የሚፈሱት ከደጋው ወደ አፋር ስለሆነ ጎርፍ ዘሩን ሽቅብ ሊያመጣው አይችልም። ዘሩ የሚወጣው በግመል፣ በከብትና በፍየል ሆድ ነው። ጣፋጩን ፍሬ የበላ ከብት ጠንካራውን ዘር ሳይፈጨው ከነእበቱ ይጥለዋል፤ እበቱ ደግሞ ማዳበሪያ ይሆንለታል። ስለዚህ ወረራው የሚጀምረው በከብት መንገድ፣ በውሃ መጠጫ፣ በበረት ዙሪያና ወደ ባቲ ገበያ በሚወስዱ መሄጃዎች ዳር ነው። ጎርፍ ሥራውን የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ ላይኛው ማሳ የገባውን ዘር ወደ ታችኛው ያወርደዋል። ከላይ ያለው ጎረቤት ሳያጸዳ ታችኛው ቢያጸዳ ልፋቱ በየክረምቱ ይደገማል፤ ሥራው በጎጥ ተነጋግሮ ከላይ ወደ ታች ቢሄድ ይሻላል።

መጀመሪያ ዛፉን መለየት

ለደቦ የወጣ ሰው እሾህ ያየበትን ሁሉ ይጥላል። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ገርቢ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልም፣ ሥሩ የተዘራ ማሽላ የሚያምርበት ዛፍ ነው። ቁርቁራና በደኖ ፍሬያቸው ይበላል፣ ቅጠላቸው መኖ ነው። ስለዚህ መጥረቢያ ከመነሣቱ አንድ ቀን በፊት ማሳውን የሚያውቅ ሰው ዞሮ፣ የሚቀሩትን ዛፎች በነጭ ጨርቅ ወይም በኖራ ምልክት ያድርግባቸው።

የፕሮሶፒስ ቅርንጫፍ በየአንጓው እየታጠፈ በዚግዛግ ያድጋል፤ ብዙውን ጊዜ በየአንጓው ሁለት ቀጥ ያሉ እሾሆች አሉት፣ ርዝመታቸውም እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የቆላው ባለ ጥላ ግራር ግን ረጅም ነጭ እሾህና አጭር ቆልማማ እሾህ ደባልቆ ይይዛል። የፕሮሶፒስ አበባ ቢጫ የሚያደላ፣ እንደ ጣት የረዘመ ነው፤ የአብዛኞቹ ግራሮች አበባ እንደ ትንሽ ኳስ ክብ ነው። ገርቢም አበባው ረዘም ስለሚል በአበባ ብቻ ከተፈረደ ያሳስታል፤ በፍሬው ይለይ። የገርቢ ፍሬ ብርቱካንማና ጥምዝምዝ ሲሆን የፕሮሶፒስ ግን ሲበስል ቢጫ፣ ቀጥ ያለ ወይም ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ሲቀምሱት የሚጣፍጥ፣ ደርቆም የማይፈነዳ ነው። በበጋ ሌላው ቁጥቋጦ ሁሉ አመድ መስሎ እሱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል።

ሥራውን አስቀድሞ መለካት

አንድን ጥማድ «በሳምንት እንጨርሳለን» ብሎ መግባት የተለመደ ነው፤ ግማሹ ላይ ጉልበት ያልቅና የቀረው አቆጥቁጦ ይጠብቃል። መለኪያው ቀላል ነው። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ይከለልና ጉቶዎቹ ይቆጠሩ፤ ይህ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ይደረግ። 8፣ 14 እና 11 ከተገኘ አማካዩ 11 ነው። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሔክታር፣ 2,500 ካሬ ሜትር ስለሆነ 11 በ25 ሲባዛ 275 ጉቶ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው ስንት ጉቶ እንዳወጣ ይታይ፤ አሥር ካወጣ ጥማዱ ሃያ ስምንት የሰው ቀን ይፈልጋል ማለት ነው። ቅርንጫፍ መከመሩና እሾህ መልቀሙ በዚህ ውስጥ አልገባም።

ያለው ጉልበት ከዚያ ካነሰ መሬቱን ከፋፍሎ አንዱን ቁራጭ እስከ መጨረሻው መጨረስ ይበልጣል። አጀማመሩም ዛፉ ከሳሳበት ነው። ጥቅጥቁ ላይ መረባረብ ዓይን ይሞላል እንጂ በዚያው ጊዜ ዳር ላይ ያሉት ለጋ ዛፎች ፍሬ መስጠት ይጀምራሉ። አንድ ለጋ ዛፍ ሁለትና ሦስት ዓመት ከሞላው ፍሬ ሊያፈራ እንደሚችል ይታሰብ።

መቼ ይሠራ

አመቺው ወቅት የማሽላ አጨዳና ውቂያ ካለቀ በኋላ፣ ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት ነው። በጥር ቅርንጫፉ ይመለመላል፤ የበልጉ ካፊያ መሬቱን ሲያለሰልሰው ጉቶው ይቆፈራል። የቆቦ ጥቁር አፈር በደረቅ ጊዜ እንደ ድንጋይ ነው፤ ሲጨቀይ ደግሞ ዶማ ላይ ይጣበቃል። ዝናብ ከጣለ ከሁለት እስከ አራት ቀን ያለው ጊዜ ለቁፋሮ ይመቻል። በልግ ከቀረ፣ ቦይ ያለው ሰው አንድ ቀን ውሃ ለቆ ከሦስት ቀን በኋላ ቢቆፍር ጉልበቱን ያተርፋል። በየትኛውም ወቅት ቢሆን ፍሬ ያዘለ ዛፍ ከተገኘ ቅርንጫፉ ከመነካቱ በፊት ሸራ ወይም ያረጀ ጆንያ ከሥሩ ይነጠፍና ፍሬው ይራገፍ።

መሣሪያና የሰውነት መከላከያ

ለአራት ሰው ቡድን ሁለት ስለታም መጥረቢያ፣ አንድ ገጀራ፣ ሁለት ዶማ፣ አንድ አካፋ፣ አንድ ዲጂኖ፣ አንድ መንሽ፣ ሞረድ፣ አሥር ሜትር የሚሆን ጠንካራ ገመድ ወይም ሰንሰለት ይበቃል። እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ መጥረቢያው በየሰዓቱ መሞረድ አለበት፤ አፈር ውስጥ ሥር ለመቁረጥ ደግሞ ያረጀው መጥረቢያ ይመደብ፣ ጥሩው በጠጠር እንዳይበላሽ።

ኮንጎ ጫማና በረባሶ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ የፕሮሶፒስ እሾህ የመኪና ጎማ ይበሳል። ወፍራም ሶል ያለው ቦት ጫማ፣ የቆዳ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያስፈልጋሉ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ የሚገዛ ከሆነ መነጽሩ ይቅደም፤ የታጠፈ ቅርንጫፍ ተፈናጥሮ የሚመታው ፊት ነው። የወጋ እሾህ ጫፉ ውስጥ እንዳይቀር በጥንቃቄ ወጥቶ ቁስሉ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። ጥልቅ ከሆነ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከገባ ጤና ጣቢያ መሄድና የቲታነስ ክትባት መውሰድ ያስፈልጋል፤ «ነገ ይሻለኛል» የሚባልለት ቁስል አይደለም። በቆላው ሙቀት ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ተሠርቶ፣ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ማረፍ ነው።

ጉቶውን ማውጣት

ዛፉን እንደገና የሚያበቅሉት ዓይኖች ያሉት ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት፣ ወፈር ባለው አንገት ላይ ነው። በየአቅጣጫው የሚሄደው የጎን ሥር ግን ብቻውን ሲቀር አያበቅልም። ስለዚህ ሥሩን ሁሉ ተከትሎ ማሳውን መቆፈር አያስፈልግም፤ አንገቱ ከነዓይኑ መውጣት አለበት። ከመሬት በታች 10 ሳንቲ ሜትር ላይ የተቆረጠ ዛፍ ሊሞት እንደሚችል በሙከራ ታይቷል፤ በማሳ ላይ ግን የሁሉም አንገት እኩል ስላልሆነ 30 ሳንቲ ሜትርን መለኪያ ማድረግ ይሻላል። የዶማው እጀታ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ለክቶ በቢላ ምልክት ማድረግ ክርክርን ያስቀራል።

በመጀመሪያ የታችኛው ቅርንጫፍ ይመለመልና ሰው ተጠግቶ የሚቆምበት ቦታ ይከፈት። ግንዱ ግን ከሥሩ አይቆረጥ። ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ላይ ተቆርጦ የቀረው እንደ መወዝወዣ እጀታ ያገለግላል፤ አጭር ጉቶ ጨብጦ የሚወዘወዝበት ስለሌለው ድካሙን እጥፍ ያደርገዋል። ብዙ ግንድ ካለው አንዱ ወፍራሙ ይቅርና ሌሎቹ ይቆረጡ።

ከዚያ ከግንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ዙሪያውን ቦይ ይቆፈር። አፈሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይከመር፤ ጉድጓዱን ለመሙላት ያመቻል። የጎን ሥሮች ሲገለጡ በአሮጌው መጥረቢያ ሁለት ቦታ ይቆረጡ፣ አንዱ ከአንገቱ አጠገብ፣ አንዱ ከቦዩ ውጭ። አንድ ቦታ ብቻ ከተቆረጡ ጫፉ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀርና በኋላ ማረሻ ይሰብራል። ሁሉም ከተቆረጡ በኋላ ግንዱ ወደ አራቱም አቅጣጫ ይወዝወዝ፤ የማይነቃነቅ ከሆነ ያልታየ ሥር አለ ማለት ነው። ቀጥታ ወደ ታች የሚሄደው ዋናው ሥር ብቻ ሲቀር ዲጂኖ ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ ይፈንቀል፣ ሥሩም ከአንገቱ በታች ይቆረጥ። ወፍራሙን ግንድ በሰንሰለት አስሮ በጥንድ በሬ መጎተት ይቻላል፤ የጎን ሥሮቹ ሳይቆረጡ ከተጎተተ ግን ግንዱ ከአንገቱ ላይ ይሰበርና ሥራው ከቀድሞው ይከፋል።

የወጣው ጉቶ በእጅ ተገልብጦ ይታይ። የሻካራው ቅርፊት መጨረሻና ለስላሳው የሥር ልጥ ሁለቱም አብረው ከወጡ አንገቱ ሙሉ ነው። ተሰንጥቆ ግማሹ የቀረ ከሆነ ወደ ጉድጓዱ መመለስ ግድ ነው። ጉቶው ሥሩ ወደ ሰማይ ዞሮ ለፀሐይ ይተው፤ አፈር የነካ አንገት እርጥበት ካገኘ ሊያገግም ይችላል።

በጎርፍ መጥለፍ የሚለሙ ማሳዎች ላይ አንድ የተለየ ጥንቃቄ አለ። ጎርፉ በየዓመቱ ደለል ስለሚደርብ የዛፉ አንገት ሲበቅል ከነበረበት ወርዶ ጠልቆ ይገኛል። እዚያ ላይ 30 ሳንቲ ሜትሩ ከአፈሩ ገጽ ሳይሆን አንገቱ ከተገኘበት ይለካ። በተቃራኒው አፈር የታጠበበት ተዳፋት ላይ አንገቱ ወደ ውጭ ወጥቶ ስለሚታይ ሥራው ይቀላል።

ለጋዎቹ የተለየ አያያዝ አላቸው። ከዝናብ በኋላ ከአንድ ወር ያልበለጠ ችግኝ በእጅ ይነቀላል፤ እስከ ጉልበት የደረሰው በዶማ ወይም በመቆፈሪያ ከጎኑ ተወግቶ ይወጣል። ማጭድ ፈጽሞ አይነካቸው። የታጨደ ችግኝ ከላይ ትንሽ፣ ከታች ግን የሁለት ዓመት ሥር ያለው ሆኖ ይጠብቃል።

መቆፈር የማይቻልበት ቦታ

የእርከን ግንብ ውስጥ፣ ዓለት ስንጥቅ ላይና ቦረቦር አፋፍ ላይ የበቀለ ዛፍ ቢቆፈር ግንቡ ይፈርሳል፣ አፋፉም ይናዳል። እዚያ ላይ አማራጩ ጉቶ መቀባት ነው። ግንዱ ከመሬት ከ10 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ ተቆርጦ፣ ብናኙ ተጠርጎ፣ ለዛፍና ለቁጥቋጦ የተዘጋጀ ፀረ አረም (ለምሳሌ ትራይክሎፒር ያለበት) በብሩሽ ይቀባል። የሚሠራው ቁስሉ እርጥብ እያለ ነው፤ ቆራጩና ቀቢው አብረው ይሂዱ፣ በተቆረጠበት ደቂቃ ይቀባ። የጉቶው መሐል የሞተ እንጨት ስለሆነ ዋናው ቦታ ከቅርፊቱ ሥር ያለው እርጥብ ቀለበትና የቅርፊቱ ጎን እስከ መሬት ድረስ ነው። መጠኑ ዕቃው ላይ በተጻፈው ይሁን፤ ኬሚካሉ በአገር ውስጥ የተፈቀደ መሆኑም ከወረዳው ግብርና ባለሙያ ይረጋገጥ። ለማሽላ አረም የተገዛውን ቱ ፎር ዲ ቅጠል ላይ መርጨት ቅጠሉን ያራግፋል እንጂ ሥሩን አይገድልም፤ ገንዘብ ማባከን ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስም አንዳንድ ቦታ ይታያል። መሬቱን ለራስ ማበላሸት ስለሆነ አይመከርም። ባዶው ዕቃ ተበስቶ ይወገድ፤ ውሃ መቅጃ እንዳይሆን።

ጉቶ ላይ እሳት ማንደድ ለጋውን እንጂ ትልቁን አይገድልም፤ አፈሩ አንገቱን ከሙቀቱ ይሸፍንለታል።

እንጨቱ፣ ከሰሉና ፍሬው

ቅርንጫፉ በመንሽ ተገፍቶ ከማሳው ዳር በረድፍ ይከመር። ፍሬ የሌለበት ከሆነ ለአጥር ይሆናል፤ የጸዳውን ማሳ ከከብት ለማጠር ከዚህ የተሻለ እሾህ አይገኝም። ፍሬ ያለበትን ግን ለአጥር መጠቀም ዘሩን ዙሪያውን መዝራት ነው። ቦረቦር ውስጥ መጣልም እንደዚያው።

ግንዱና ጉቶው ጥሩ ከሰል ይወጣቸዋል። እንጨቱ አንድ ሜትር ያህል እየሆነ ተቆርጦ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይጠውልግ፤ እርጥቡ ሲከሰል የራሱን ውሃ ለማድረቅ ራሱን ይበላል። በአፈር ተከድኖ በሚከሰልበት ልማዳዊ መንገድ ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ቢገኝ ነው። አንድ የከሰል ቦታ ተመርጦ ሁሉም እዚያ ይከሰል፣ ከታች ያለው አፈር ስለሚቃጠል። ለገበያ ከመጫኑ በፊት የወረዳውን ፈቃድ መጠየቅ አይረሳ፤ ከኬላ ላይ መመለስ አለ። ከሰል ፈላጊ ሰው ማሳውን «በነፃ ላጽዳልህ» ሲል ደግሞ ውሉ ጉቶውን ይጨምር። ግንዱን ወስዶ ጉቶውን ትቶ የሄደ ከሰል አክሳይ ለባለ ማሳው የተወው እዳ ነው።

የተለቀመው ፍሬ ለመኖ ይሆናል፣ ነገር ግን ሳይፈጭ አይሰጥ። ጥሬውን የበላ ከብት ዘሩን ይዘራል፤ ለብዙ ጊዜ እሱን ብቻ የበላ ከብት ደግሞ መንጋጋው ይታመማል፣ ማመንዠክ ያቅተዋል። ፍሬው በፀሐይ ይድረቅ፣ ሲሰበር «ቀጭ» እስኪል። ስኳር ስላለው እርጥበት ካለው ወፍጮውን ያጣብቃል። በመዶሻ የሚፈጭ የመኖ ወፍጮ ዘሩን ይሰብራል፤ ዱቄቱ ውስጥ ያልተሰበረ ዘር ከታየ እንደገና ይፈጭ። ከሚሰጠው መኖ አንድ አምስተኛውን ሳያልፍ ከገለባና ከአገዳ ጋር ተደባልቆ ይሰጣል።

ፍሬ ከሚገኝበት አገር የተገዛ ወይም የመጣ ከብት ወደ ጸዳው ማሳ ከመግባቱ በፊት አንድ ሳምንት ያህል በረት ይቆይ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ዘር እስኪወጣ። የእነዚያ ቀናት እበት ለማዳበሪያ አይሁን፤ ኩበት ሆኖ ይንደድ።

ማረስና መዝራት

ጉድጓዶቹ ይሞሉ፤ የላዩ ጥቁር አፈር ወደ ላይ፣ የታችኛው ወደ ታች። በሬ ከመግባቱ በፊት መሬቱ በመንሽና በእጅ ይለቀም፤ የበሬ ሰኮና ውስጥ የገባ እሾህ የእርሻ ወቅቱን ሙሉ ያስቀራል። የመጀመሪያው እርሻ ቀስ ተብሎ ይታረስ፣ የቀረ ሥር ማረሻ ሲይዝ ቆም ተብሎ በመጥረቢያ ይቆረጥ። ሁለተኛው እርሻ ወደ ጎን ይሁን። ማረሻ የሚገባው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ችግኝን ከመሐሉ ቆርጦ ሊያልፍ ይችላል። «ሲታረስ ይጠፋል» የሚለው ተስፋ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ባዶ መሬት የፕሮሶፒስ ወዳጅ ነው፤ ችግኙ ጥላ አይችልም። ስለዚህ ማሳው በዚያው ዓመት ክረምት ሳይዘራ አይደር። በበልግ ከደረሰ በሚያዝያ ማሽላ፣ ካልደረሰ በሐምሌ ጤፍ ወይም ማሾ። በመጀመሪያው ዓመት ማሾ ይሻላል፤ ቶሎ መሬት ይሸፍናል፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ከተለቀመ በኋላም የበቀለው ችግኝ ለዓይን ይገለጣል። ማሽላ ውስጥ የበቀለ ችግኝ ግን እስከ አጨዳ ተደብቆ ይቆያል። ለእርሻ የማይሆነው ዳር ዳር ሣር ይዘራበትና ለዓመት ከልቅ ግጦሽ ይከለል።

ክትትሉ

ዘሩ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይበሰብስ ይቆያል። ቆፍሮ ያወጣ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ማሳው ችግኝ ሲያወጣ «ተሸነፍሁ» ማለት የለበትም፤ ያኔ የሚበቅለው ከዘር እንጂ ከጉቶ አይደለም፣ በእጅም ይነቀላል። መለያው ቀላል ነው፦ ከዘር የበቀለው አንድ ቀጭን ግንድ አለው፣ ከጉቶ ያቆጠቆጠው ከአንድ ቦታ ብዙ ወፍራም ቀንበጥ ያወጣል።

በመጀመሪያው ዓመት በየጉድጓዱ ቦታ አንድ ድንጋይ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ክረምቱ ከገባ ከስድስት ሳምንት በኋላ ድንጋዮቹ ይዞሩ፤ አጠገባቸው ያቆጠቆጠ ካለ ያኔውኑ ይቆፈር። ያ ሥር የያዘውን ስንቅ ቀንበጡን ለማውጣት ስላወጣ ገና አልጠነከረም። በነሐሴ መጨረሻ አረም ሲታረም፣ በጥቅምት ደግሞ ሰብሉ ሲደርቅ ዳር ዳሩ ይለቀም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት በዓመት ሁለቴ፣ ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ፣ ከበልግ በኋላ መዞር ይበቃል። ዙሩ ማሳው ውስጥ ብቻ አይቅር፤ የከብት መንገዱ፣ የቦዩ ዳርና የበረቱ ዙሪያ መጀመሪያ ይታዩ፣ አዲስ ዘር የሚገባው በእነሱ ነውና።